ሙኒር የቀየረው ዲስክ

ባለፈው ሳምንት የጎረቤቴን አሮጌ ኮምፒውተር ላይለት ብከፍተው ሲነሳ መሃል ላይ ተገትሮ ቀረ። ጥቁሩ ስክሪን ላይ አንድ ዲስክ እየጠበቀ መሆኑን ይናገራል፤ ሰከንዱን ይቆጥራል። ዲስኩ ግን ከተነቀለ ቆይቷል። ጎረቤቴ ሳቀ፤ እኔ ግን አልሳቅሁም። ሙኒር ትዝ ብሎኝ ነው።

ሙኒር ጀጎል ግንብ ውስጥ ያደገ ጓደኛዬ ነበር። እኔ ከሸዋ በር ውጭ ያደግሁ የአስተማሪ ልጅ፣ ክርስቲያን ነኝ፤ ቤታቸው ግን ቤቴ ነበር። ሊኑክስ የሚባለውን የኮምፒውተር ሥርዓት ያስተማረኝም እሱ ነው፣ እያሾፈብኝ። አንድ ቀን ሥራ ፍለጋ በጅቡቲ በኩል ባሕር ሊሻገር ሄደ።

ከወራት በኋላ፣ የኤረር በር ገበያ በጊሽጣ በተጥለቀለቀበት ሰሞን፣ እናቱ እማማ ሶፊያ አስጠሩኝ። የእህቱ የነጃት ሰርግ ቪዲዮ፣ ሙኒር የሚታይበት ጋ ሳይደርስ፣ ልጃቸው ትቶላቸው የሄደው ኮምፒውተር ድርቅ ይልባቸዋል። በሩ ላይ ነጃት ክንዴን ያዘችኝ። ዓይኗ ቀልቷል።

«ጀልባዋ ሰጥማለች። አብሮት የነበረ ልጅ ደውሎ ነገረን። ሽማግሌዎቹ ለእማዬ ነገ ማለዳ ይነግሯታል። ፊትህን አደራ!»

መርዶ እንዲህ ነው፤ ዘመድ ሳይሰበሰብ፣ ጎህ ሳይቀድ አይነገርም። ምን አባቴ ላድርግ? ገባሁ።

ቪዲዮው ሲከፈት ራሙ፣ የኮምፒውተሩ ጊዜያዊ ማስታወሻ፣ ጢም ብሎ ይሞላል። ሙኒር ደግሞ ለዚህ ብሎ ዲስኩ ላይ ስዋፕ የሚባል ቦታ ከልሎ ነበር፤ ራም ሲጠበው ዕቃውን የሚያወርድበት ጓዳ በሉት። ጓዳው ባዶውን ተቀምጧል! ለካ ሙኒር ከመሄዱ በፊት ዲስኩን ቀይሯል፤ ማሽኑ ሲነሳ የሚያነበው ፋይል ላይ ግን የተጻፈው የድሮው ዲስክ መለያ ነው። በተነሳ ቁጥር የሌለውን ይጠብቃል፣ ይጠብቃል፣ ሲያጣው ያለ ስዋፕ ይነሳል። መስመሩን ሰርዤ የአዲሱን ጻፍሁ። ማሽኑን አጥፍቼ እንደገና አስነሳሁት።

ቪዲዮው ሳይቆም ሄደ። ሙኒር ትሪ ተሸክሞ ብቅ አለና ካሜራውን በእጁ ገፋ አደረገው። «እኔን ተወኝ፣ እናቴን ቅረጻት!»

«አየኸው ሲያፍር!» እማማ ሶፊያ ከት ብለው ሳቁ። «አልሐምዱሊላህ! ድገመው እስቲ ልጄ።»

ደገምሁት። ጊሽጣ ከፍለው ሰጡኝ። ያ ማር የመሰለ ፍሬ ጉሮሮዬ ላይ ቆመ፤ አልወርድ አለኝ።

«ብላ እንጂ፣ ምነው?»

«ጥርሴን አሞኝ ነው፣ እማማ።»

አተኩረው አዩኝ። ከዚያ ወደ ስክሪኑ ዞረው፣ «ድገመው፣» አሉ። እንደገና ሳቁ።

በማግስቱ ቤቱ በለቅሶ ሲናጥ ጥግ ይዤ ተቀምጬ ነበር። እማማ ሶፊያ ጠርተው አጠገባቸው አስቀመጡኝና እጄን ያዙ።

«ትናንት ጊሽጣው አልወርድ ሲልህ ገብቶኝ ነበር፣ ልጄ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ?»

«ከነገሩኝ በኋላ እንደማልስቅ አውቃለሁ። ለመጨረሻ ልሳቅለት ብዬ ነው።»

እጃቸውን አጥብቄ ያዝሁ።

እሳቸውም ካለፉ ቆዩ። ባለፈው ሳምንት የጎረቤቴን ኮምፒውተር ለማስተካከልም አንድ መስመር መሰረዝ ይበቃ ነበር። እጄን ወደ ቁልፎቹ ዘረጋሁና መልሼ ሰበሰብሁት። ቆጥሮ እስኪጨርስ ድረስ ቁጭ ብዬ አብሬው ጠበቅሁ።