የወይዘሮ አርዲስ መዶሻ

ወይዘሮ አርዲስ ቲምከ የወጥ ቤታቸው ጠረጴዛ ላይ አሮጌ ጋዜጣ ዘርግተው መዶሻ ይጠግናሉ። ምስማር የሚመታበት መዶሻ አይደለም፤ ስብሰባ የሚመራ ሰው ጸጥታ ለማስከበር ጠረጴዛ የሚያንኳኳበት ትንሽ የእንጨት መዶሻ ነው። እጀታው ከራሱ ተላቋል። ቀዳዳው ውስጥ የእንጨት ኮላ ጠብ አደረጉ፤ እጀታውን እያዞሩ ከተቱት፤ ዳር ዳሩን ያመለጠውን ኮላ በስቴኪኒ ጫፍ ጠረጉ። ከዚያ በሲባጎ ጥብቅ አድርገው ጠምጥመው እንዲደርቅ ምድጃው አጠገብ አስቀመጡት።

ዌልቢ ነብራስካ ውስጥ በበቆሎ ማሳ የተከበበች ትንሽ ከተማ ናት። ወይዘሮ አርዲስ በከተማዋ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል ስለ አሜሪካ መንግሥትና ፖለቲካ ሲያስተምሩ ነው ፀጉራቸው የሸበተው። መዶሻው የክፍላቸው ነው። ተማሪዎቹ በየዓመቱ ምክር ቤት መስለው ይቀመጡና ስለ ምሳ ሰልፍ፣ ክፍል ውስጥ ኮፍያ ስለማድረግ ሕግ ያወጣሉ። በዚህ ዓመት አፈ ጉባኤ የሆነው ካይል የሚባል ቀልደኛ ነበር፤ ሥልጣኑ ቢጥመው መዶሻውን ከልቡ አሳርፎ ሰበረው።

እንዲጠግኑት ያስቸኮላቸው ግን የመርል ሃስካምፕ ስልክ ነው። መርል የእህል ዘር ነጋዴ ነው፤ የትምህርት ቦርዱም ሰብሳቢ ነው፤ ድሮ የእሳቸው ተማሪ ነበር። ቦርዱ ሁልጊዜ በአንዲት ጠባብ ቢሮ ስለሚሰበሰብ ሰብሳቢው በቡና ኩባያ ጠረጴዛ ቢያንኳኳ ይበቃዋል። የማክሰኞው ስብሰባ ግን ሕዝብ ስለሚበዛበት በቅርጫት ኳስ አዳራሹ ይሆናልና የክፍላቸውን መዶሻ እንዲያውሱት ለመናቸው። ደስ አላቸው። ልጆቹ በገዛ መዶሻቸው ሥር ቆመው ሊናገሩ ነው ብለው እንደ በጎ ምልክት ቆጠሩት።

ጉዳዩ የትምህርት ቤቱ ሕልውና ነበር። እርሻው በጥቂት ሰዎች እጅ እየተጠቃለለ፣ ቤተሰቡ እየለቀቀ፣ የተማሪው ቁጥር ተመናምኖ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ልጆች አንድ ትልቅ ጠረጴዛ ይበቃቸው ጀምሯል። ቦርዱ ከጥር ጀምሮ ሁለተኛ ደረጃውን ዘግቶ ልጆቹን ከወንዙ ማዶ ወዳለችው ብሬደን በአውቶቡስ ሊልክ አስቧል። ወይዘሮ አርዲስ ይህን ሲሰሙ አላለቀሱም። መጽሐፉን ዘጉና ዜጋ ለሹመኛው አቤት የማለት መብት አለው የሚለውን ምዕራፍ በአፍ ሳይሆን በተግባር ልናየው ነው አሉ። እያንዳንዱ ልጅ በስብሰባው ተነስቶ እንዲናገር ተስማሙ። ለአንድ ሰው የተፈቀደው ሦስት ደቂቃ ነው፤ ስለዚህ እንቁላል መቀቀያ ሰዓታቸውን ከቤት አምጥተው ልምምድ አስጀመሯቸው።

ከሁሉም ያሳሰበቻቸው ጆሊን ኮቫንዳ ነበረች። ልጅቱ ዝምተኛ ናት፤ ስትናገርም እያንዳንዷን ቃል መርጣ እንደምታስቀምጥ ነው። ካይል ሰዓቱን እያሳየ፣ «ሚስስ ቲምከ፣ ጆሊን በሦስት ደቂቃ ‹እንደምን አመሻችሁ›ንም አትጨርስም» ብሎ ክፍሉን አሳቀ። እሷም ሳትቆጣ፣ «አንተ በግማሽ ደቂቃ ያለህን ሁሉ ስለምትጨርስ የተረፈህን ለኔ ትሰጠኛለህ» አለችው። ወይዘሮ አርዲስ ያን ቀን አብረው ሳቁ።

የጆሊን ነገር እንዲህ ነው። እናቷ በአረጋውያን መጦሪያ የሌሊት ተራ ትሠራለች፤ ቤት የምትገባው ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ነው። ትንሹ ወንድሟ ዴኒ የሚጥል በሽታ አለበት፤ ጠዋት ሲነሳ አጠገቡ ሰው መኖር አለበት። የብሬደን አውቶቡስ ደግሞ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ይነሳል። ጆሊን ወይ ትምህርቷን ወይ ወንድሟን መተው ይኖርባታል። ይህንን በአደባባይ መናገር አፍራ ነበር። «ሰሚ ካለ አያሳፍርም» አሏት ወይዘሮ አርዲስ። «ይሰሙኛል ብለው ነው?» ብትላቸው፣ «የመንግሥታችን ነገር እኮ ይኸው ነው፤ ይሰሙሻል» አሏት።

ማክሰኞ አዳራሹ ሞላ። እናቶች በሩ ላይ ቺሊ የሚሉትን የሥጋና የቦሎቄ ወጥ በወረቀት ሳህን፣ ከጎኑ የቀረፋ ዳቦ ይሸጣሉ። የቦርዱ አባላት ከኳስ ቅርጫቱ ሥር በረድፍ ተቀምጠዋል። መርል በመዶሻው አንድ ጊዜ አንኳኳና ደንቡን ተናገረ፦ ለአንድ ሰው ሦስት ደቂቃ፣ ቦርዱ ያዳምጣል፣ መልስ አይሰጥም። አንድ ገበሬ ተናገረ፤ የከተማዋ ፓስተር ተናገረ፤ ካይል እንኳ ቀልዱን ትቶ ኮራ ብሎ ተናገረ። ቦርዱ አገጩን ደግፎ አዳመጠ።

ጆሊን ስትነሳ ወረቀት አልያዘችም። ስለ እናቷ ተናገረች፤ ስለ ዴኒ ተናገረች፤ ባለፈው የካቲት ጠዋት ወጥ ቤት ወድቆ እንዳገኘችው ተናገረች። እንደ ልማዷ ቀስ ብላ ነው። በአዳራሹ የወረቀት ሳህን እንኳ አልተንኮሻኮሸም። ከዚያ የቦርዱን አባላት ፊት አንድ በአንድ አየችና፣ «ሁላችሁንም አውቃችኋለሁ። አንድ ነገር ልጠይቃችሁ ነው የመጣሁት። ወንድሜን ጠዋት ጠዋት...» ስትል መዶሻው ሁለት ጊዜ አረፈ።

«ሰዓትሽ አልቋል፤ እናመሰግናለን፤ የሚቀጥለው» አለ መርል። ድምፁ ጨዋ ነበር።

ልጅቱ አልተቀመጠችም። ዞር ብላ ወይዘሮ አርዲስን አየች። ምን ላድርግ የሚል ዓይን ነበር። ወይዘሮ አርዲስ ትንሽ ጨምሩላት ማለት ይችሉ ነበር፤ አዳራሹም አብሯቸው ይጮህ ነበር። ነገር ግን ዕድሜ ልካቸውን ደንብ ለደካማ የቆመ ነው ሲሉ ኖረዋል፤ አንዴ ከተጣሰ ለሁሉም ይጣሳል ሲሉ። እጃቸው ከጭናቸው ላይ ተነሳና መዳፋቸው ወደ ታች ዝቅ አለ። ተቀመጪ ማለት ነው። ጆሊን ተቀመጠች።

የመጨረሻው ተናጋሪ እንደ ወረደ ድምፅ ተሰጠ። ትምህርት ቤቱ ይዘጋ የሚለውን ከቦርዱ አንድም የተቃወመ አልነበረም። አባላቱ ለማሰብ እንኳ አንገታቸውን አላጎነበሱም። 

ወንበሮቹ ሲታጠፉ መርል መዶሻውን ሊመልስ መጣ። «ኮላዎ ይዟል፤ ስመታው ንቅንቅ አላለም» አላቸው።

«መርል፣ መቼ ነው የወሰናችሁት?»

ጫማውን አየ። ውሸት የማያውቅ ልጅ ነበር፤ አሁንም አላወቀበትም። «እውነቱን ልንገርዎ፤ በሐምሌ ነው ያለቀው። ገንዘብ የለም፣ ሚስስ ቲምከ። ለአውቶቡሶቹም ተፈራርመናል።»

«ታዲያ ልጆቹን ለምን አናገራችኋቸው?»

«ሕጉ ያዛላ፤ ሕዝቡ ሳይደመጥ አይወሰንም። እርስዎ አይደሉ እንዴ ያስተማሩኝ?»

እያሾፈባቸው አልነበረም። ከልቡ ነው የተናገረው፤ እንዲያውም ያመሰገናቸው ነው የመሰለው። ወይዘሮ አርዲስ መዶሻውን ተቀብለው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱ። መኪናቸው ዘንድ እስኪደርሱ ሦስት ሰው አዋራቸው፤ ምን እንደመለሱለት ግን ኋላ አላስታወሱም።

ዓርብ የመራጮች ምዝገባ የሚዘጋበት ቀን ነበር። ወይዘሮ አርዲስ በየመከሩ አሥራ ስምንት ዓመት የሞላቸውን ተማሪዎች በራሳቸው መኪና የመራጮች መዝገብ ወደሚገኝበት የአውራጃው ፍርድ ቤት ወስደው ያስመዘግባሉ፤ ሲመለሱም መንገድ ላይ ካለችው ምግብ ቤት ቼሪ ፓይ የሚሉትን በፍሬ የተሞላ ጣፋጭ ይጋብዟቸዋል። በዚህ ዓመት ሳትመዘገብ የቀረችው ጆሊን ብቻ ነበረች። መኪናዋ ማርሹ ተበላሽቶ ከቆመ ሰንብቷል፤ ስለዚህ እንደሚወስዷት ከነሐሴ ጀምሮ ቃል ገብተውላታል።

ደወሉ ሲደወል ጆሊንን ከውጭው በር አጠገብ ቆማ አገኟት። «ነይ እንሂድ፤ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይዘጋሉ» አሏት። ቁልፉ እጃቸው ላይ ነው።

ልጅቱ ጃኬቷን እስከ አንገቷ ዘጋችው። ብሬደን እንደማትሄድ፣ ጥርንም ሳትጠብቅ ትምህርቷን ትታ ከሰኞ ጀምሮ እናቷ በምትሠራበት መጦሪያ የቀን ሥራ እንደምትጀምር ነገረቻቸው። ተቆጥታ አልነበረም። «ማክሰኞ ተቀመጪ ሲሉኝ እርስዎ የሚያውቁት ነገር አለ ብዬ ነው የተቀመጥኩት» አለች። ቀጥላም፣ «ተመዝገቢ ካሉኝ፣ ለእርስዎ ስል እሄዳለሁ» አለቻቸው።

ወይዘሮ አርዲስ ለዚህ መልስ ነበራቸው። አንዲት ድምፅ ምን ታመጣለች ለሚል ተማሪ ሁሉ የሚሰጡት፣ በቃላቸው የሚወጡት፣ ዓመት ዓመት ያልከዳቸው መልስ።  

«ዴኒ ብቻውን ነው?» አሏት በዚያ መልስ ፈንታ።

«እናቴ እስክትነሳ፣ አዎ።»

መኪናው ውስጥ ገቡ። ከመገንጠያው ሲደርሱ በቀኝ ያለው መንገድ ወደ ፍርድ ቤቱ ይወስዳል፤ በግራ ያለው በእህል ጎተራው ሥር አልፎ ወደ ጆሊን ቤተሰብ ቤት ይሄዳል። ወይዘሮ አርዲስ ቆሙ። ከኋላ የሚመጣ መኪና አልነበረም። ቦርሳቸው ውስጥ ያለው መዶሻ ጉልበታቸውን ይነካቸዋል።

«ሰኞ እንነጋገርበታለን» አሉ፤ መሪውንም ወደ ግራ ጠመዘዙ። ሰኞ ምዝገባው እንደማይኖር ሁለቱም ያውቁ ነበር።