የመሪጌታ ፕላዝማ

በቴሌቪዥን ጥገና መንዝ ውስጥ የሚስተካከለኝ የለም ብዬ አምናለሁ።

ባለፈው አንድ የሞላሌ መሪጌታ ያረጀ ፕላዝማ ቴሌቪዥናቸውን እንድሠራላቸው ቤታቸው አስጠሩኝ። ባለቤታቸው ገበያ ሄደዋል። ስከፍተው የስክሪኑ የላይኛው ግማሽ ድርግም ብሎ ጨልሟል፤ ድራማ የሚሠሩት ሰዎች ከወገባቸው በላይ የሉም። ጀርባውን ፈትቼ ቦርዱን ለካሁ፣ ሽቦዎቹን ነካካሁ፤ ወይ ፍንክች!

“መሪጌታ፣ ይሄ እንኳ አብቅቶለታል” አልኳቸው።

እሳቸው ጋቢያቸውን ተከናንበው ጆሯቸውን ወደ ቴሌቪዥኑ ሰጥተዋል። “ከላይ በግራ በኩል እንደ ንብ ይጮሃል። እስኪ እሱን እየው” አሉኝ።

እሳቸውን ለማክበር ያህል ያሉኝን ቦታ ፈታሁት። አንድ ኬብል ከመሰኪያው ላልቶ ጫፉ ጠቁሯል። ጠርጌ መልሼ ስሰካው ምስሉ ቦግ አለ!

“በሉ ይዩት መሪጌታ! ጠራልዎ?” አልኩ ደረቴን ነፍቼ።

“እኔ እንኳ ዓይኔ ከጠፋ ቆየ፣ ልጄ” አሉ ፈገግ ብለው። “እያየች የምትነግረኝ ባለቤቴ ናት። የላዩ ከጨለመ ወዲህ ግን የምታወራልኝ ስለ ሰዉ ጫማ ብቻ ሆነ።”