የእናቴ የሳሙና ፓምፕ

ዕቃ የማወደስ ልማድ የለኝም። ቤቴ ውስጥ ያለው ሁሉ ወይ እጀታው የተሰበረ ነው፣ ወይ ክዳኑ የጠፋ። የምውለው በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ፣ የከተማችን ስም ገና «ሀገረ ሕይወት» ተብሎ በተጻፈባቸው አሮጌ ፋይሎች መሃል ነው። እዚያ የዋለ ሰው ደግሞ የተበላሸ ነገር ቶሎ አይደንቀውም። ስለዚህ አንድ የፕላስቲክ የሳሙና ዕቃ አምቦ ውስጥ፣ በእኔ ቤት፣ አምስት ዓመት ሳይጣል ኖረ ስል ስለ ዕቃው ጥራት ብቻ እያወራሁ አይደለም። እማዬ ከእኔ ጋር ቀርባ የምትበላው በእሱ ምክንያት ስለነበር ነው።

እማዬን ስትሮክ የመታት ኮሮና ከመግባቱ በፊት በነበረው ዓመት ነው። ቀኝ ጎኗ ሄደ። እግሯ በምርኩዝ እየታገዘ ትንሽ ተመለሰ፤ ቀኝ እጇ ግን እንደተንጠለጠለ ቀረ። ንግግሯም አእምሮዋም ምንም አልሆነም። ሐኪሙ ይህን እንደ ትልቅ የምሥራች ሲነግረኝ «እግዚአብሔር ይመስገን» አልኩት። ማልቀስ ሲገባኝ አላለቀስኩም። ጠያቂ ሲመጣ ወንበር አቀርባለሁ፣ ሲሄድ ወንበር አነሳለሁ። ሰዎች በር ላይ ቆመው «ጠንካራ ልጅ ናት» ሲባባሉ እሰማ ነበር። ጥንካሬ አልነበረም። ምንም አልነበረም። ጥርስ ሐኪም ዘንድ የማደንዘዣ መርፌ የተወጋ ከንፈር የሌላ ሰው እንደሚመስለው፣ እኔም ለራሴ እንደዚያ ነበርኩ።

እማዬ መናኸሪያው አጠገብ ትንሽ ምግብ ቤት ነበራት። ሰው ስታስታጥብ የኖረች ሴት ናት። ገበሬውንም፣ ሹፌሩንም፣ ከረባት ያሰረውንም እኩል ጎንበስ ብላ ታስታጥባለች። ለእሷ ጎንበስ የሚል ሰው ሲመጣ ግን አልቻለችውም። ውሃና ሳሙና ይዤ ስቀርብ ፊቷን ታዞራለች። «ዲሲ፣ ኢንተላ ኮ» ትለኛለች፤ ተይኝ ልጄ ማለቷ ነው። እማዬ ስትቆጣ በአማርኛ ነው፣ ስትለምን በኦሮምኛ። ስለዚህ በኦሮምኛ ተይኝ ስትለኝ እተዋታለሁ።

በአንድ እጅ መታጠብ ምን ማለት እንደሆነ ያላየው አያውቀውም። ደረቅ ሳሙና ያሟልጫል፣ ወለሉ ላይ ከወደቀ ደግሞ ማን ጎንበስ ብሎ ያነሳዋል? ፈሳሹም በሁለት እጅ ካልታሸ አረፋ አያወጣም። በዚያ ላይ የቀረላት ግራ እጇ ነው። በግራ እጅ ከሰው ጋር ከአንድ ትሪ መቁረስ በእኛ ዘንድ ነውር ነው፤ በወጉ ያልታጠበ ግራ እጅ ሲሆን ደግሞ አይነሳ። ቤቱ ውስጥ ያለነው እኔና እሷ ብቻ ነን፣ ማንም ምንም አላላትም። እሷ ግን ራሷ ላይ ፈረደች። በትንሽ ሳህን ለብቻዋ፣ ወደ ግድግዳ ዞራ፣ እንጀራ በማንኪያ መብላት ጀመረች። እንጀራ በማንኪያ! ሐኪም ቤት ያልመጣው ንዴት ያን ቀን መጣብኝ። ወጥ ቤት ገብቼ አንድ ድስት ያለ ጥፋቱ ወርውሬ አጎበጥኩት።

ፓምፑን ያገኘሁት ኮሮናው ረገብ ካለ በኋላ ለሥልጠና አዲስ አበባ ሄጄ ነው። ባረፍንበት ሆቴል መታጠቢያ ቤት አንዱን ጠርሙስ ጫን ሳደርገው መዳፌ ላይ የተዘጋጀ አረፋ ጉብ አለ። መታሸት የለ፣ መፈተግ የለ። ከሥልጠናው የማስታውሰው ይህንን ብቻ ነው። የምታጸዳዋን ሴትዮ የት እንደሚገዛ ጠየቅኳት፣ የፕላስቲክ ዕቃ ሱቅ ጠቆመችኝ፣ ገዝቼ መጣሁ።

አጠቃቀሙን እማዬ ራሷ ናት የፈጠረችው። የማትንቀሳቀሰዋን ቀኝ እጇን አንስታ ከፓምፑ አፍንጫ ሥር መታጠቢያው ላይ ታስተኛታለች። በግራዋ ትጫናለች። አረፋው ቀኟ ላይ ይወርዳል። ከዚያ ግራዋ ቀኟን ታሻለች፣ በማሸቷም እሷው ትጸዳለች። የመጀመሪያው ቀን ውሃ የሚያንጠባጥብ እጇን ይዛ መጣችና ትሪው አጠገብ ቁጭ አለች። «ግራዬ ነው፤ ግን ታጥቧል» አለችና ቆረሰች። እኔ ወጡን ወደ እሷ በኩል ገፋ አደረግኩላት። ስለ ጉዳዩ ከዚያ በላይ ተነጋግረን አናውቅም።

የዚህ ዕቃ ምስጢር ማቅጠን ነው። አንድ ሲኒ ፈሳሽ ሳሙና፣ አራት ሲኒ ውሃ። ይህንን ሳልናገር በመቅረቴ ደግሞ ጉድ ሠራሁ። ቢሮ ስውል እማዬን ብቅ እያለች የምታይልን ጎረቤታችን አንድ ቀን ጠርሙሱን አንስታ ስታየው ውስጡ ውሃ የመሰለ ነገር ነው። በእኛ ሰፈር ማቅጠን ስድብ ነው። ጠላዋን የምታቀጥን፣ ወተቷ ላይ ውሃ የምትጨምር ሴት ስሟ በደህና አይነሳም። ለታመመች እናት የቀጠነ ሳሙና! ቸግሮኝ መሰላት። የራሷን ጀሪካን ይዛ መጥታ፣ የእኔን ደፍታ፣ ማር የመሰለውን ወፍራም ሳሙና እስከ አንገቱ ሞላችው። እንዳላፍር ብላ ለእኔም አልነገረችኝም።

ፓምፑ በሁለተኛው ቀን ታነቀ። እኔ ግቢው ቧንቧ ላይ በደረቅ ሳሙና ስለምታጠብ አላወቅኩም። እማዬም አልነገረችኝም። «አልራበኝም» አለች። በማግስቱም አልራባትም። በሦስተኛው ቀን ከቢሮ ስገባ ወደ ግድግዳ ዞራ ማንኪያ ይዛ አገኘኋት። ያኔ ገባኝ። ጠርሙሱን ከፍቼ የሳሙናውን ውፍረት ሳይ የማን እጅ እንደሆነም ገባኝ። ጎረቤቴን ሄጄ ልቆጣ አስቤ ነበር፤ በር ላይ ስታየኝ «የኔ እህት፣ ቸገረሽ እንዴ? ለእኔ ትነግሪኝ የለም?» ብላ ቀድማ አዘነችልኝ። አመስግኛት ተመለስኩ።

ከዚያን ቀን ወዲህ የፓምፑ ሎሌ ሆንኩ። እኔም በእሱው መታጠብ ጀመርኩ፣ ልክ እንደ ጠባቂ በየቀኑ ልመረምረው። በየወሩ እፈታዋለሁ። መጫኛው፣ ቀጭኑ ቱቦ፣ መጫኛውን መልሶ የሚያነሳው ሞላ፣ ትንሿ ኳስ፣ ጎሚኒ የሚባሉት ሁለቱ የላስቲክ ቀለበቶች፣ አረፋ የሚያወጣው ስስ ወንፊት። የእኛ ውሃ ነጭ ነገር ይተዋል፤ ያንን በአቼቶ ዘፍዝፌ አስለቅቃለሁ። ጎሚኒው ሲደርቅ ቫዝሊን እቀባዋለሁ። አንዴ ለመስክ ሥራ ጊንጪ ስሄድ እንኳ፣ ጓደኞቼ ሻይ ሲጠጡ እኔ ሱቅ ለሱቅ መለዋወጫ ሞላ ስፈልግ ነበር። አላገኘሁም፤ ግን አላስፈለገም። ሞላው አልዛገም። ፕላስቲኩ ቢጫ ሆነ፣ ላዩ ላይ የነበረው ጽሑፍ ከጣት ብዛት ተፋቀ፣ ፓምፑ ግን ይሠራል። እማዬም ትበላለች። ሰው እናትሽ እንዴት ናት ሲለኝ «ደህና ናት» እላለሁ፣ በልቤ የማስበው ስለ ጎሚኒው ነው።

ባለፈው ክረምት ማብቂያ ላይ እማዬ እንደገና አልራበኝም አለች። እኔ ምን ቸገረኝ፣ በሽታውን አውቀዋለሁ። ፓምፑን ፈታሁ። ወንፊቱ ንጹሕ ነው። ኳሷ በቦታዋ ናት። ያም ሆኖ ሁሉንም ዘፍዝፌ፣ አጥቤ፣ ቀብቼ ገጠምኩት። በማግስቱም አልራባትም።

«እማዬ፣ ፓምፑ ነው?» አልኳት።

«ጠነከረ» አለችኝ።

ለእኔ እንደ ድሮው ነበር። ለታመመ እጅ ግን ይጠነክር ይሆናል አልኩ፤ አምስት ዓመት ለፕላስቲክ ቀላል አይደለም። ዛሬ ዛሬ አምቦም ውስጥ ይሸጣል፤ ሱቁ ውስጥ የነበሩትን አንድ በአንድ እየተጫንኩ፣ ሻጩን እስካሰለቸው ድረስ፣ በጣም የሚለሰልሰውን መርጬ ገዛሁ። ለምሳ ሰዓት ደረስኩ። አንድ ለአራት አድርጌ ሞላሁት፣ አንዴ ተጭኜ ሞከርኩት፣ አስቀመጥኩላት፣ አጠገቧ ቆምኩ።

ቀኝ እጇን አንስታ አስተኛቻት። ግራዋን መጫኛው ላይ አደረገች። ክንዷ ተንቀጠቀጠ፣ ከንፈሯን ነከሰች፣ መጫኛው ግን ንቅንቅ አላለም። እንደገና ሞከረች። ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ።

«አዲስ ስለሆነ ነው» አልኳት። «ዛሬ የሚሠሩት ዕቃ የረባ አይደለም። እመልሰዋለሁ።»

እማዬ ቀና ብላ አየችኝ። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

«ቅድም ስትሞክሪው በትንሿ ጣትሽ ነው የተጫንሽው» አለች። «አይቼሻለሁ። አታድክሚኝ።»

ከዚያ ግራ እጇን ወደ እኔ ዘረጋችው። «በይ እጠቢኝ» አለች፤ በአማርኛ።

አረፋውን መዳፌ ላይ አወጣሁና እጇን ያዝኩት። የዚያን ፓምፕ ክፍሎች ዓይኔን ጨፍኜ መገጣጠም እችላለሁ፤ ይህንን እጅ ግን በነዚህ ዓመታት ሁሉ አንድም ቀን ይዤ አላየሁትም ነበር። ቀዝቃዛ ነው። ጣቶቹ መሃል ጣቴን ሳስገባ ወዲያም ወዲህም አይሉም። ፈራሁ። ከስንት ዓመት በኋላ የተሰማኝ ነገር ፍርሃት ሆነ።

«እማዬ፣ እስቲ ጨበጥ አድርጊኝ» አልኳት። ጣቶቿ መዳፌ ላይ እንደተዘረጉ ናቸው።

«ጨብጬሻለሁ እኮ» አለችኝ።