የምሳ ዕቃው ክዳን

ስሙን የሚጠራው የለም፤ «ጆሮ» ነው የምንለው። የውሃ ጣቢያው ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት አብረን ሠርተናል፤ እኔ ኤሌክትሪኩን፣ እሱ ፓምፖቹን። ጆሮውን ብረቱ ላይ ለጥፎ ዘንጉ ስለሚሽከረከርበት ኩሽኔታ «ሊበላሽ ነው» ካለ፣ ይበላሻል። አንዴ እንኳ ሲሳሳት ላገኘው ብዙ ጠብቄያለሁ፤ አልተሳካልኝም።

ጡረታ ሊወጣ ዓመት ሲቀረው አለቃችን፣ «አንተ ከሄድክ ፓምፖቹን በየስድስት ወሩ እየፈታን ማየት ነው እንግዲህ» አለው። ጆሮ ምግብ አልበላ አለው። ደህና ፓምፕ እየፈቱ መግጠም ማበላሸት መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን።

የእህቱ ልጅ ኮምፒውተር ከምሳሌ እንዲማር የማድረግ ሙያ አላት። ክብሪት የምታክል ሣጥን በየፓምፑ ላይ ለጠፈች። ሣጥኗ ንዝረቱን ለክታ ትንሿ ስክሪኗ ላይ በመስመር ትስላለች፤ ትልቅ ኮምፒውተር አትፈልግም። «ታሟል» ስትል ደግሞ፣ የቱን አይታ እንደፈረደች የመስመሩን ያን ቦታ ታቀላዋለች። ጆሮ ስምንት ወር ሙሉ «ይሄ ደህና፣ ይሄ በሽተኛ» እያለ ሣጥኗን አስተማራት። ሲፈትናት አንዱንም ሳትስት መለሰች። እሱ ፈነደቀ፤ እኔ ተጠራጠርኩ። ነገሬ ሁሉ እንዲህ ነው።

አንድ ቀን ልጅቷ ቀዩን አፍጥጣ እያየች፣ «አጎቴ፣ ሣጥኗ በሽተኛ ባለችው ሁሉ ላይ ያቀላችው ይቺን የመጋዝ ጥርስ የመሰለች መስመር ነው። ኩሽኔታ እንዲህ ያደርጋል?» አለች።

ጆሮ መነጽሩን አደረገ። «አያደርግም» አለና የመስመሩን ምት እየተከተለ ጠረጴዛውን በጥፍሩ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ አደረገው።

ያኔ ገባኝና ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። ጆሮ ፓምፕ ሲታመም አጠገቡ ነው የሚውለው። ምሳ ዕቃውን እንዲሞቅለት ሞተሩ ላይ ያስቀምጣል፤ ክዳኑ ይንቀጫቀጫል። ሣጥኗ ስምንት ወር ሙሉ ያጠናችው የሰውየውን ምሳ ነው።

«እኔው ነኝ ያበላሸኋት» አለ፤ ፊቱ ጠቆረ።

«እንኳን አየነው። እንደገና እንጀምራለን» አለችው።

ሦስት ወር ቀዝቃዛ ምሳ በላ። ሊወጣ ሳምንት ሲቀረው ሣጥኗ ሁለተኛውን ፓምፕ «ታሟል» አለች። ጆሮ ጆሮውን ለጠፈ፤ ምንም አልሰማም። ሲፈታ ኩሽኔታው ፀጉር በምታህል ስንጥቅ ተሰንጥቋል። ይቀናል ብዬ ፊቱን አየሁት፤ በደስታ እንባ እንባ ይለው ነበር።

በመጨረሻው ቀን፣ አለቃችን ባለበት፣ ምሳ ዕቃውን ደህና በሆነው አራተኛ ፓምፕ ላይ አስቀመጠው። ክዳኑ ተንቀጫቀጨ። ሁላችንም ሣጥኗ ላይ አፈጠጥን። «ደህና» አለች።

«በቃ፣ አንፈታቸውም» አለ አለቃችን።

ጆሮ ምሳው እስኪሞቅ ጠበቀና እኩሌታውን ወደ እኔ ገፋ አደረገው።