ዝቅ ያለችው መኪና

ወንድሜ አሮጌ መኪና እንደገዛ መጀመሪያ ያደረገው ነገር ዝቅ ማድረግ ነበር። አዲስ አበባ ወስዶ ከፍታው የሚስተካከል ሞላ አስገጠመላት፤ ሞላው የተቀመጠበት ቀለበት ሲዞር መኪናዋ ከፍም ዝቅም ትላለች። እሱ ግን ዝቅ እንጂ ከፍ አያውቅም። ያውም በደብረ ማርቆስ ጉድጓድ!

"እንቁላል የታቀፈች ዶሮ አስመሰልሃት እኮ" እለዋለሁ።

"አንቺ ጠመኔሽን ያዢ" ይለኛል፤ አስተማሪ ነኝና።

ከግቢያችን በር ሥር አንዲት ድንጋይ ብቅ ብላለች። ከሥራ ሲገባ የመኪናዋ ሆድ ክርርር ብሎ እሷን ይፍቃል። እናታችን ድምፁን ስትሰማ ብድግ ብላ ወጡን ትጥዳለች። ድንጋይዋን እናስወጣት ብዬ ብነዘንዝም ሁለቱም አልሰሙኝም።

ወንድሜ በአጭር ሕመም ሞተብን። ሰዎች "መኪናዋ ናት የበላችው" ብለው ሲያወሩ ደሜ ይፈላ ነበር፤ መኪናዋ ምን አደረገች? እናቴ በተወለደችበት በዲማ ቀበርነው። በቀብሩ ላይ አገሩ ደረቱን ሲመታ እሷ ደርቃ ቀረች፤ አንድ ዘለላ እንባ አልወጣትም። አርባው ሲደርስ "በሱ መኪና ውሰጂኝ" አለችኝ። የዲማ መንገድ ደግሞ ለዚያች መኪና አይሆንም።

ጋራዥ ውሰጃት ያሉኝ ነበሩ። የማንም እጅ እንዲገባባት አልፈለግሁም፤ እሱ ሲሠራት ቁልፍ አቀባይዋ እኔ ነበርኩ። በክሪክ አንስቼ ጎማዎቿን ፈታሁ። ቀለበቶቹ በጭቃና በዝገት ተጣብቀው ስለነበር ናፍጣ አጠጥቼ እስኪላቀቁ ጠበቅሁ። ከዚያ እያዞርኩ፣ ግራና ቀኙን በጣቴ እየለካሁ ከፍ አደረግኋት። ስጨርስ የማንም ሰው መኪና መሰለች።

የአርባውን ጸሎት አድርሰን በማግሥቱ ተመለስን። በመንገዱ ሁሉ አንድም ድንጋይ ሆዷን አልነካት፤ እኔም በልቤ ኮራ ብዬ ነበር። የግቢያችንን በርም እንዲሁ ድምፅ ሳታሰማ አለፈችው።

እናቴ ዞር ብላ ድንጋይዋን አየቻት። "ምን አደረግሻት?"

"መንገዱ እንዳይጎዳት ከፍ አደረግኋት፣ እማዬ።"

"አሁንስ ሞተ" አለች። በቀብሩ ያልወጣላት እንባ ያን ጊዜ ወረደ። እሷን ከመኪናዋ ለማውረድ ጎረቤት ጠራሁ።

በሳምንቱ ቅዳሜ፣ እሷ ቤተ ክርስቲያን ሳለች፣ ቀለበቶቹን ወደ ነበሩበት መለስኳቸው። ከሰዓት በኋላ ገበያ ደርሼ ስገባ መኪናዋ ክርርር አለች። እናቴ ማማሰያ እንደያዘች እየሮጠች ደጃፉ ላይ ደረሰች። ከመኪናዋ የምወርደው እኔ መሆኔን አየች።

"እህ፣ አንቺ ነሽ" አለችና ተመልሳ ገባች።

ተከትያት ስገባ ወጡ ተጥዶ ነበር።