ከአርባ በላይ አይነካም

ይህ ታሪክ መጻፍ ይገባው እንደሆነ እርግጠኛ አይደለሁም። በዶርማችን ካሉት ልጆች አንዷ ወላጅ የላትም፤ ሌላዋ ሊድሯት ሲሉ ጠፍታ የተማረች ናት። እነሱ ሳይጽፉ እኔ የአንደኛ ዓመት ተማሪዋ ቡታጅራ ውስጥ በአንድ ሆቴል አዳራሽ ስለነበረ የመስታወት ገንዳ፣ ስለ መብራቱም ጥንካሬ ላወራ ነው። ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ቀድጄዋለሁ። ንዴቱ ግን ከወረቀቱ ጋር አልተቀደደም።

ታላቅ ወንድሜ ጅዳ ስምንት ዓመት ኖሯል። ጅቡቲ ካለችው ኦቦክ ተነስቶ በጀልባ ነው የተሻገረው። እዚያም የጌጥ ዓሣና ኮራል የሚሸጥ ሱቅ ውስጥ መስታወት ጠራጊ ሆኖ ገባ፤ በኋላ ሱቁ ያለ እሱ የማይንቀሳቀስ ሆነ። ኮራል ሲያዩት ድንጋይ ይመስላል እንጂ ሕይወት ያለው የባሕር እንስሳ ነው። የሚኖረው በብርሃን ነው። ብርሃን ሲያንሰው ይራባል፤ ሲበዛበት ቀለሙን ጥሎ ይነጣል። ወንድሜ ይህን ያወቀው ከመጽሐፍ ሳይሆን ስምንት ዓመት ሙሉ እያየ ነው።

ከሳዑዲ ሰው በብዛት በተመለሰበት ዓመት እሱም ተመለሰ። እናታችን ደፍ ላይ አስቁማ አስማለችው። “ሁለተኛ ያን ባሕር እንዳትሻገር!” አለችው። “ወላሂ አልሻገርም፤ ሥራ ካገኘሁ” አላት። እሷ የመጀመሪያውን ቃል ብቻ ሰማች። እኔ ሁለተኛውንም ሰምቻለሁ።

ሥራው በክረምት መጣ። ሁሉም ሰው ሐጂ የሚላቸው አንድ ነጋዴ አዲስ ሆቴል ከፍተው ነበር። ዱባይ ያዩትን ዓይነት ገንዳ በአዳራሹ ግድግዳ ላይ አሠሩ፤ ከመንገድ ላይ ሆኖ እንዲታይ ብለው አንድ ሜትር ከሃያ ጥልቀት ሰጡት።

“ሐጂ፣ ስልሳ ሳንቲ ይበቃ ነበር” አላቸው ወንድሜ። “ብርሃን ውኃ ውስጥ ሲወርድ ይደክማል። ታች ያለው እንዲጠግብ ካበዛሁት ላይ ያለው ይቃጠላል።”

“አንተ ደግሞ! ትልቅ ሆቴል ውስጥ ትንሽ ገንዳ?” ብለው ሳቁበት። “መብራቱን ከዱባይ አስመጥቼልሃለሁ፤ መላውን ቡታጅራ ያበራል። ይልቅ ስማኝ፤ ኮራሎቹ እስከ ጥር ከያዙልኝ ከሥር ካሉት ሱቆች አንዱ ያንተ ነው። ሥራህን ትሠራበታለህ።”

ሱቁን ካገኘ ይቀራል፤ ካላገኘ ይሄዳል። እናቴም፣ ጎረቤቶቻችንም፣ እኔም ይህን እናውቅ ነበር። አላወቅሁም ነበር የምልበት መንገድ የለኝም።

ኮራሎቹ በነሐሴ መጀመሪያ በአውሮፕላን፣ ከዚያም በመኪና መጡ። ወንድሜ ብርሃን የሚወዱትን ባለ ቅርንጫፎች ላይኛው ድንጋይ ላይ፣ ጥላ የሚችሉትን ለስላሶች ታች አስቀመጣቸው። መብራቱ ከዜሮ እስከ መቶ የሚዞር ቁልፍ አለው። እሱ በሃያ ጀመረ።

“መንገድ ያደከማቸው ናቸው” አለኝ። “በሳምንት አምስት አምስት ብቻ። እንደ ታመመ ሰው ቀስ አድርጎ ነው ማብላት።”

ግን በሃያ ላይ ታች ድረስ ምን ያህል ይደርሳል? ጅዳ መለኪያ ነበራቸው፤ ቡታጅራ የለም። ወደ ፎቶ ቤት ሄድን። ፎቶ አንሺው ሽማግሌ በፊልም ዘመን ይጠቀሙበት የነበረው ባለ መርፌ የብርሃን መለኪያ መሳቢያ ውስጥ ተኝቷል።

“ዓሣው ጉርድ ፎቶ ሊነሳ ነው?” አሉ።

“ዓሣ አይደለም፣ ጋሼ፤ ኮራል ነው።”

“ታዲያ ጆሮው እንዲታይ ንገሩት” ብለው ሳቁና መለኪያውን አዋሱን።

መለኪያውን ክዳኑ በደንብ የሚገጥም የማርማላታ ብርጭቆ ውስጥ ከጠጠር ጋር ከተትነው። ብርጭቆውን በየስንዝሩ በተቋጠረ ሲባጎ አስረን ወደ ውኃው አወረድነው። ሲባጎውን የምይዘው እኔ ነበርኩ። ቋጠሮ አንድ፣ መርፌው እዚህ ላይ። ቋጠሮ ሁለት፣ ወረደ። ስድስተኛው ላይ መርፌው ለመንቀሳቀስ የሚሰንፍ ይመስላል። ሁሉንም በቀይና በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ መስመሩን በማስመሪያ አስምሬ እጽፋለሁ። ወንድሜ ደብተሬን እያየ፣ “አንቺማ ለመንግሥት መሥሪያ ቤት ነው የተፈጠርሽው” ይለኛል። ደስ ይለኝ ነበር። እኔ ሰው ሲያመሰግነኝ ደስ ይለኛል። ችግሩም ይኸው ነው።

መስከረም ሲገባ አርባ ላይ ደረስን። ላይኞቹ ቅርንጫፎች ጫፋቸው ወይን ጠጅ ሆነ፤ ታችኞቹ ለስላሶች እንደ ጣት ተዘረጉ። ወንድሜ ደብተሬን ተቀብሎ በራሱ እጅ “ከአርባ በላይ አይነካም” ብሎ ጻፈበት።

ለመስቀል የአዲስ አበባ እንግዶች ሆቴሉን ሞሉት። ሐጂ መብራቱ እንዲጨመር ጠየቁ፤ ወንድሜ እንቢ አለ። ኮስተር አሉ። በሳምንቱ አረፋ ነበር። ወንድሜ በሬውን ለማዘጋጀት ረቡዕ ዕለት ወደ ገጠር ቤታችን ሄደ። እኔ ሐሙስ ለክቼ፣ ጽፌ፣ ልከተለው ተስማማን።

ሐሙስ፣ መስከረም 22፣ ሲባጎዬን ይዤ ቆሜ ሳለሁ ሐጂ ሁለት ሽማግሌዎችን አስከትለው ገቡ።

“ይኸውላችሁ፣ ይህች ልጅ ዩኒቨርሲቲ አልፋለች። ወልቂጤ ደርሷታል” አሉ።

“ማሻአላህ!” አሉ አንደኛው ሽማግሌ።

“እስቲ ንገሪን፤ ለሦስት ቀን ብቻ መቶ ቢሆን ምን ይሆናል? ነገ ከነገ ወዲያ ሰው ከየአገሩ ይመጣል። ጨለማ ላሳያቸው?”

ደብተሩ እጄ ላይ ነበር። የወንድሜ ጽሑፍ በአውራ ጣቴ ሥር ነበር። “አይሆንም” ማለት የሚፈጀው አንድ ትንፋሽ ነው። እኔ ያልኩት ግን፣ “ለሦስት ቀን እንኳን... ብዙም ላይጎዳው ይችላል” ነበር።

“አላያችሁም? የተማረ ሰው!” አሉ ሐጂ። “በይ አዙሪው፤ እኔ ብነካው አበላሸዋለሁ።”

አዞርኩት። ገንዳው እንደ ቀትር ፀሐይ በራ። ሽማግሌው ሁለት እጃቸውን ዘርግተው መረቁኝ፤ “ዶክተር ያድርግሽ! ለአገር የምትተርፊ ያድርግሽ!” አሉ። “አሚን” አልኩ። እንደዚያ ጣፍጦኝ ተናግሬው የማውቀው አሚን የለም። ከዚያም ተቀምጬ በሰማያዊ እስክሪብቶ “ሐሙስ፣ ከሰዓት 9፡20፣ መቶ” ብዬ ጻፍኩ። ከሥሩም በማስመሪያ አሰመርኩ።

ገጠር ስደርስ ወንድሜ፣ “ለካሽ?” አለኝ።

“ለካሁ።”

“እንዴት ነው?”

“ደህና ነው።”

ከእኛ ቤት እስከ ሆቴሉ በእግር ሁለት ሰዓት ነው። ዓርብ መሄድ እችል ነበር። ቅዳሜ፣ እሑድ መሄድ እችል ነበር። ሥጋ በላሁ፤ ተመረቅሁ፤ ዘመዶቼ ስለ ዩኒቨርሲቲ ሲጠይቁኝ መለስኩ።

ሰኞ አብረን ተመለስን። ከመንገዱ ማዶ ሆነን አየነው። ላይኛው ድንጋይ እንዳለ እንደ ጨው ነጥቷል። እንግዶች ከፊቱ ቆመው በስልካቸው ፎቶ ይነሳሉ። አንዲት ሴት ልጇን ከፍ አድርጋ፣ “አበባ አወጣ! እየው፣ ነጭ አበባ!” ትላለች። ወንድሜ ገብቶ ቁልፉን ወደ ሃያ መለሰው።

ማክሰኞ ሐጂ ሽማግሌዎቹን ሰብስበው አዳራሹ ውስጥ አስቀመጡን። ያው ሁለቱ ናቸው።

“ይህን ማን አደረገው?” አሉ ሐጂ።

ደግሜ ልጻፈው። ማን እንዳደረገው ጠየቁ! ሐሙስ ዕለት “በይ አዙሪው” ያሉኝ ሰውዬ፣ እኔን የመረቁኝ ሽማግሌ ከጎናቸው ተቀምጠው፣ ማን እንዳደረገው ጠየቁ። እኔ አፌን ከመክፈቴ በፊት ወንድሜ፣ “እኔ ነኝ። ከመሄዴ በፊት አበዛሁት” አለ።

ሐጂ ዓይናቸውን ወደ መቁጠሪያቸው ጣሉ። ውሸት መሆኑን ያውቃሉ። ሽማግሌዎቹም ያውቃሉ። እኔም አውቃለሁ። ያን ቀን አዳራሹ ውስጥ እውነቱን የማያውቅ አንድም ሰው አልነበረም፤ አራታችንም ዝም አልን።

“የነጣ ሁሉ አልሞተም፣ ሐጂ” አለ ወንድሜ። “በሃያ ላይ ልያዘው። ሁለት ወር ስጡኝ፤ ቀለሙ ይመለሳል።”

“ራስህ አቃጥለህ ራስህ ልታድን? በቃህ። ሱቁን ለሌላ ሰው ሰጥቼዋለሁ።”

ጥፋተኛ ነኝ ያለ ሰው ምን ብሎ ይከራከራል? እኔ እውነቱን ብናገር ኖሮ ጥፋቱ የሳቸው ትእዛዝ ይሆን ነበር፤ ሁለቱን ወር ለመከልከል አፍ አይኖራቸውም ነበር። ለዚህ ያስፈልግ የነበረው የእኔ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው።

ወደ ቤት ስንሄድ አለቀስኩ። “ጋሼ፣ እኔ ነኝ...”

“አውቃለሁ” አለኝ። “ደብተርሽን አይቼዋለሁ። ሰዓቱን ሳይቀር ጽፈሽዋል።” ፈገግ ለማለት ሞከረ። “አንቺ ልትሄጂ ነው። ስምሽን ይዘሽ ሂጂ።”

ማን ለመነው? በእሱም ተናድጃለሁ፤ ይህን መደበቅ አልፈልግም። በሱ ዕድሜ የገዛልኝን ስም ምን ላድርገው? እዚህ ወልቂጤ መምህሩ ጽሑፍሽ ያምራል ሲለኝ ያ የተሰመረ “መቶ” ነው የሚታየኝ።

ለምዝገባ ወልቂጤ በገባሁበት ሳምንት ወንድሜ ከቤት ወጣ። እናቴ ደፉ ላይ አልቆመችም፤ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኛች አሉኝ። በኅዳር ባሕሩን ተሻግሮ ከሳዑዲ፣ ከጂዛን ገጠር በሰው ስልክ ደወለ። ፍየል ይጠብቃል። ባሕር ሕይወት እንዲኖረው ማድረግ የሚያውቅ ሰው በረሃ ላይ ፍየል ይጠብቃል! ስለ እናታችን ጠየቀ፤ ስለ ትምህርቴ ጠየቀ። ስለ ኮራሎቹ አልጠየቀም።

በዚያው ወር አንድ ቅዳሜ በአረቅጥ በኩል በሚያልፈው ሚኒባስ ቡታጅራ ሄድኩ። የሄድኩት ያን ዓረፍተ ነገር ልናገር ነበር። ሆቴሉ በር ላይ ውኃ በጎማ ወደ ቦይ ይፈስሳል። ገንዳው እየተራገፈ ነው፤ በቦታው ትልቅ ቴሌቪዥን ሊሰቀል ነው። ላይኛው ድንጋይ ሞቷል፤ አረንጓዴ አልጌ ለብሷል። ታች፣ በስድስተኛው ቋጠሮ ጥልቀት፣ ከድንጋዩ ሥር አንድ ለስላሳ ኮራል ጣቶቹን እንደዘረጋ ቆሟል። ቡናማ ነው፤ ጤነኛ ነው። ያ ሁሉ ብርሃን እዚያ ሲደርስ ደክሞ ስለነበር አልነካውም። ወንድሜ እንዳለው።

“ሐጂ” አልኩ። “ቁልፉን ያዞርኩት እኔ ነኝ። ያዘዙኝ እርስዎ ነዎት።”

ሐጂ ከጎማው ላይ ዓይናቸውን አላነሱም።

“አውቃለሁ፣ ልጄ” አሉኝ። “አሁን ምን ዋጋ አለው?”

ቆሜ ተመለከትኩ። ውኃው ከአምስተኛው ቋጠሮ በታች ወረደ፤ ከስድስተኛው ደረሰ። ኮራሉ ጣቶቹን አንድ በአንድ ሰበሰበ፤ ከዚያ አየር ነካው። ገንዳው ባዶ የሆነው ኅዳር 20 ቀን 2007 ዓ.ም. ነው።