«ፍቺ ፍለጋ» የተባለው ጥራዝ

ማንበብ የተማርሁት በሃምሳ አንድ ዓመቴ ነው። እንኳን ደስ አለህ የሚለኝን ሰው አልወድም። ሌላው በሰባት ዓመቱ የጨረሰውን እኔ ሽበት አብቅዬ ብጀምረው ምኑ ነው ደስ የሚለው?

ሥራዬ ጀልባ ነው። ከባሕር ዳር ወደ ገዳማቱ ሰው አሻግራለሁ። ሰው ለነፍሱ ይወርዳል፤ እኔ ሞተር እጠብቃለሁ። ሲመለሱ አንዳንዶቹ ፊታቸው ተለውጦ ዝም ብለው ይቀመጣሉ። አንድ ቀን አንዱን ምን አግኝተህ ነው ብለው፣ በቃል አይነገርም አለኝ። በቃል ካልተነገረ በጽሑፍ ይኖር ይሆናል ብዬ ፋሲሎ ሰፈር ካለው የጎልማሶች ትምህርት ገባሁ። ለሚስቴ ግን ለሥራ ያስፈልገኛል አልኋት። እውነቱን ብነግራት ትስቅብኛለች ብዬ ፈራሁ።

እዚያም ያገኘሁት ሌላ ነው። መጽሐፉ ስለ ሽንት ቤት ጉድጓድና ስለ ችግኝ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ጉድጓድ አነበብሁ። መምህራችን ወጣት ነው፤ ስናዛጋ አየና አንድ ታሪክ ራሱ ጽፎ፣ ፎቶ ኮፒ አድርጎ፣ በስፒል መትቶ ለሁላችንም አደለን። ሽፋኑ ላይ በትልልቅ ፊደል «ፍቺ ፍለጋ» ይላል።

የሕይወትን ፍቺ ማለቱ ነው። «የሕይወት» የምትለውን ቃል ከፊቱ ቢጨምርበት ምን ነበረበት? ቀለም ለመቆጠብ ይሁን ለማሳመር እንጃለት፤ ጣጣው ለእኔ ተረፈ።

ታሪኩ ከሩቅ ኮከብ ስለመጡ ፍጡራን ነው። የብረት እንቅብ በሚመስል መርከብ ጣና ዳር ያርፋሉ። በአገራቸው ሁሉ ነገር ሞልቶላቸዋል፤ ለምን እንደሚኖሩ ግን ረስተውታል። ስለዚህ የሕይወትን ፍቺ ከሰው ልጅ ሊጠይቁ መጡ። መጀመሪያ ያገኙት የጀልባ ተራ አስከባሪ ነው። እሱም ጥያቄያቸውን ሳይሰማ ስንት ናችሁ አላቸው። ሦስት ነን ሲሉት፣ ካልሞላ አይነሣም፣ አምስት ሰው ጠብቁ አለ። ከዚያ ቀበሌ ሄዱ። ቀበሌው ከመጣችሁበት ቀበሌ መሸኛ አምጡ አላቸው። ምስኪኖቹ ኮከባቸው ድረስ ተመልሰው፣ ሦስት መቶ ዓመት በርረው ደብዳቤውን ይዘው ቢመጡ፣ ማኅተም የያዘው ሰውዬ ስብሰባ ገብቷል።

ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ይሄ ምኑ ፈጠራ ነው? የቤቴን ካርታ ላወጣ ስመላለስ የደረሰብኝ ነው፤ የምመለስበት ኮከብ አልነበረኝም እንጂ። መምህሩን ፍቺው ስንተኛው ገጽ ላይ ነው ብዬ ጠየቅሁት። እስከ መጨረሻው ያንብቡት አባባ አለኝ። አባባ ማለቱም አናደደኝ።

ቢሆንም ማንበቤን አልተውሁም። ጥራዙን ፍራሽ ሥር ደበቅሁት፤ በዚህ ዕድሜዬ ስለ ኮከብ ሰዎች አነባለሁ ተብሎ ወደቡ ላይ ቢወራብኝ መሳቂያ እሆናለሁ። ጠዋት ሚስቴ ሳትነሣ ጀርባዬን ሰጥቻት ድምፄን ዝቅ አድርጌ እቆጥራለሁ። እኔ ዝም ብዬ ማንበብ አልችልም፤ ፊደሉ ከአፌ ካልወጣ አይገባኝም። በየጠዋቱም ከሽፋኑ ነው የምጀምረው፤ «ፍ… ቺ… ፍ… ለ… ጋ።»

ሚስቴ ጌሾ ከዘጌ እያስመጣች ገበያ ትሸጣለች። ፊደል አትቆጥርም፤ ጆሮዋ ግን የድመት ነው። ተኝታለች ስል ነቅታ ትሰማኝ ኖሯል። እኔ በሌለሁበት ጥራዙን አውጥታ ለባለሱቋ ጎረቤታችን አሳየቻት። ጎረቤታችንም ሽፋኑን ብቻ አንብባ፣ አዎ፣ ፍቺ ፍለጋ ይላል ብላ አረጋገጠችላት። ውስጡን ገለጥ ብታደርገው እጇ አይቆረጥ!

ከዚያ ሚስቴ ጉልበቴን አሞኛል፣ ወንዛዬ ፍል ውኃ ልታጠብ ብላ እዚያው ወንድሟ ዘንድ ሄደች። እኔም ሂጂ አልኋት። ጥራዙ የዚያኑ ቀን ጠፋብኝ። የኮከብ ሰዎቹ ሊመልስላቸው የፈቀደ አንድ ሰው ካገኙበት ቦታ ላይ ደርሼ ነበር። ፍራሹን ገለበጥሁ፤ አይጥ ወሰደው ብዬ አይጥ ስራገም ሰነበትሁ።

በሳምንቱ ወንድሟ ደወለ። ነገ ና፣ ሰው ይሰበሰባል አለኝ። ሰው የሞተ መስሎኝ በጠዋቱ ሚኒባስ ደረስሁ። ግቢው ውስጥ ወንድሟ፣ ሁለት የሰፈሩ ሽማግሌዎችና ስንት ደቀ መዝሙር ያስተማሩ አንድ የኔታ ተቀምጠዋል። ሚስቴ ከበሩ አጠገብ ዱካ ላይ ተቀምጣለች። አላየችኝም፤ ማለት ማየት አልፈለገችም። ወንድሟ እህታችን ምን አጎደለችብህ ብሎ ጀመረ።

ምንም አልሁ።

«ታዲያ ፍቺውን ለምን ፈለግኸው?»

የምን ፍቺ? ሚስቴ ይሄን ጊዜ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተናገረች። በየጠዋቱ ጀርባህን ሰጥተኸኝ የእኔን መፈታት ስትቆጥር ሰምቼሃለሁ፣ ሁለት ዓመት ትምህርት ቤት የተመላለስኸው ለካ ማመልከቻ ለመጻፍ ነው አለች። ከነጠላዋ ሥር ጥራዙን አውጥታ የኔታ እግር ሥር አኖረችው። ከአይጥ ይቅርታ መጠየቅ ነበረብኝ።

ብነግራቸው ማን ያምነኛል? ፍቺውን የሚፈልጉት የኮከብ ሰዎች ናቸው ስል ወንድሟ ሽማግሌ ፊት ትቀልዳለህ ብሎ ተቆጣ። የኔታ ብቻ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ሚስትም ትፈታለች፣ ሕልምም ይፈታል፣ እስረኛም ይፈታል» አሉ። «ቃሉ አንድ ነው። የትኛው እንደሆነ ውስጡ ይናገራል። የእኔ ዐይን ደክሟል፤ አንተው አንብብልን።»

ከክፍል ውጭ በሕይወቴ ሰው ፊት አንብቤ አላውቅም። ማዕበል ላይ ሞተር ጠፍቶብኝ እንኳ እንደዚያ አላላበኝም። «ከ… ኮ… ከ… ከኮከብ» እያልሁ ጀመርሁ። አንዷ መስመር የግማሽ ሰዓት መንገድ ሆነችብኝ። ሽማግሌዎቹ መጀመሪያ አንገታቸውን ደፉ፤ መሸኛው ላይ ስንደርስ አንደኛው ሳቀ፤ ማኅተም የያዘው ሰውዬ ስብሰባ ሲገባ የኔታም ጋቢያቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ወንድሟ እንኳ፣ ይሄስ የእኛው ቀበሌ ነው አለ። ሚስቴ አልሳቀችም።

«የሕይወትን ፍቺ ነው የሚፈልጉት?» አለችኝ።

አዎ አልኋት።

«አንተም እሱን ነው የምትፈልገው?»

አዎ አልሁ።

«ሃያ ስምንት ዓመት ከእኔ ጋር ኖረህ፣ እሱን ከኮከብ ሰው ትጠይቃለህ?»

ይሄኛው ከመጀመሪያው ክስ ይብሳል፤ ለመጀመሪያው ቢያንስ ንጹሕ ነበርሁ። ተናድጄ ያልነገርኋትን ሁሉ ዘረገፍሁት። ስንቱን ለነፍሱ ሳሻግር እኔ ሞተር ስጠብቅ ማርጀቴን፣ ምን እንደሚያገኙ የሚነግረኝ ማጣቴን፣ ትምህርት የገባሁትም ለዚሁ እንጂ ለሥራ አለመሆኑን ነገርኋት። እንደምትስቅብኝ ስለማውቅ ዋሸሁሽ አልኋት። ይሄንንም እየጮህሁ ነው ያልሁት፤ በለሆሳስ መናገር አልተማርሁም።

አልሳቀችም። ብዙ ካየችኝ በኋላ እስኪ አንድ መስመር ድገም አለችኝ። ደገምሁ፤ ሁለት ቦታ ተሳሳትሁ። ወደ ወንድሟ ዞረች።

«እንዲህ እያነበበ የፍቺ ማመልከቻ አይጽፍም። ገና ዐሥር ዓመት ይቀረዋል።»

ሽማግሌዎቹ ሳቁን ለቀቁት። እሷ ተነሥታ ጓዟን ልታመጣ ገባች። የሁለት ዓመት ትምህርቴን በአንድ አፍ አፈር አስበላችው። ከክሱ ነጻ ያወጣኝ ግን ይኸው ንግግሯ ብቻ ነበር።

ሚኒባሱ ውስጥ ጥራዙን ስጪኝ አልኋት። ጭኗ ላይ እንደያዘችው እምቢ አለች። ከእንግዲህ ቢነበብ ጮክ ተብሎ ነው አለችኝ፤ ያ ለኮከብ ሰዎቹ ሊመልስ የፈቀደው ሰውም ምን እንዳለ እሷ ሳትሰማ እኔ ቀድሜ ልሰማው አልችልም።